ከስልክ የመጣ ጫማ

ልጅ ሳለሁ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ እግር ያለው ሰው ሁሉ ልኩ ጋሼ ይስማው ሱቅ የተሰቀለ ይመስለኝ ነበር። ከተማው ሌላም ጫማ ሻጭ እንደነበረው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ለእኔ ጫማ ማለት ጋሼ ይስማው ነበሩ፤ ፋሲካ ማለትም እሳቸው ነበሩ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። በዓሉ ሲቃረብ እናቴ እጄን ይዛ ትወስደኛለች። ጋሼ ይስማው ከባንኮኒው ጀርባ ይወጡና መሬት ላይ በተዘረጋ ካርቶን ላይ ያቆሙኛል። ከዚያ ከጥቅሉ ክር ይስቡና ከተረከዜ እስከ አውራ ጣቴ ይለካሉ፤ ጫፉን ይቋጥራሉ፤ በጥርሳቸው ይበጥሱታል። ያምናውን ክር ከምስማሩ አውርደው ከዘንድሮው ጋር ጎን ለጎን ይይዙትና ዓይናቸውን ያፈጣሉ። "እንዴ! መሲ! ይኼን ያህል በአንድ ዓመት? ምን እያበሉሽ ነው ባክሽ?" ይላሉ። እኔ በኩራት ጣሪያው ላይ የደረስኩ ይመስለኛል።

ክሮቹ ላይ ስም የለም። ጋሼ ይስማው እያንዳንዱን ቤት በክሩ ቀለም ያውቁታል፤ የእኛ ቤት ሰማያዊ ነበር። ከይጁቤ የሚመጣ ገበሬ የልጆቹን ክር በኪሱ ይዞ ይመጣል፤ ልጆቹ ከተማ ሳይረግጡ ጫማቸው ይገዛል። የቄሶቹ ክር ነጭ ሲሆን የንስሐ አባታችን የአባ አካለ ወልድ ክር ደግሞ ጫፉ ላይ በመስቀል አምሳል የተቋጠረ ነው። አባ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ድምፃቸው ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ውጭ የሚሰማ፣ እግራቸው ግን የልጅ እግር ነበር። "አባ፣ እግዚአብሔር ከላይ ሲጨምርልዎ ከታች ቆጠበብዎ" እያሉ ጋሼ ይስማው ይቀልዱባቸዋል። አባም ቢሆኑ ይስቃሉ እንጂ አይቀየሙም።

ታዲያ በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ዐቢይ ጾም እየተጋመሰ ሳለ፣ እህቴ ሥራነሽ "ዘንድሮ የበዓሉን ዕቃ በሙሉ የምገዛው ከስልክ ነው" አለች።

ሥራነሽ የቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ናት። ያን ዓመት አስተማሪ ሆና ተቀጥራ ነበር፤ በጣት የሚነካ ስልክም ገዝታለች። ስልኩ ኔትወርክ የሚያገኘው ከቤታችን ጓሮ የማገዶው ክምር ላይ ሲወጡ ብቻ ስለሆነ፣ እህቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እንጨቱ ላይ ትወጣለች። እናቴ "ከዚያ ወድቀሽ እግርሽ ቢሰበር ስልኩ ነው የሚያሳክምሽ?" እያለች ከታች ትለፈልፋለች።

"አዲስ አበባ ያለ ሱቅ ፌስቡክ ላይ የዕቃውን ፎቶ ይለጥፋል" ብላ አስረዳችን ሥራነሽ። "የወደድሽውን ትነግሪያቸዋለሽ፤ ክፍያውን በባንክ ትልኪያለሽ፤ ዕቃውን ደግሞ በአውቶቡስ ይልኩልሻል።"

"ሳልዳስሰው?" አለች እናቴ።

"ሳትዳስሺው።"

"ሳልከራከር?"

"ዋጋው ተጽፏል እማዬ፤ ክርክር የለም።"

እናቴ ይህን ስትሰማ ተቀመጠች። "ሳልከራከር የገዛሁትን ለብሼ እንዴት ነው ቤተ ክርስቲያን የምገባው?" አለች።

"ጋሼ ይስማውስ?" አልኩ እኔ።

እናቴና ሥራነሽ ተያዩ። "አንቺ ልጅ፣ ቆሎሽን ቆርጥሚ" አለችኝ እናቴ።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ቢያንስ የገባኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሦስት ሰዎች ቤታችን መጥተዋል፤ አባ አካለ ወልድ መሐላቸው ነበሩ። ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ግቢያችን ውስጥ ቆሙ። አባቴ አቶ እንዳላማው "ግቡ፣ አረፍ በሉ" ብሎ ቢለምናቸው፣ እናቴ ጠላና ዳቦ ብታቀርብላቸው እምቢ አሉ። "የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም፤ እህልም አንቀምስም" አሉ አባ። "ከአቶ ይስማው ቤት ተልከን ነው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ አወሩ። አባቴ መሬት መሬቱን እያየ "ጊዜ ስጡኝ፤ ከዘመድ ልማከር። ከትንሣኤ በኋላ ተመለሱ" አላቸው። ዳቦው ሳይነካ፣ ጠላው ሳይቀመስ ሄዱ።

እኔና ሥራነሽ ከበሩ ጀርባ ነበርን። እሷ ክንዴን ቆንጥጣ ይዛ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች መሰለኝና እኔም ልቤ ተሰበረ። አሁን ስጠይቃት "እየሳቅሁ ነበር እንጂ፤ አባ ዳቦውን በዓይናቸው ሲበሉት ነው ያየሁት" ትለኛለች።

እኔ ግን እቤታችን መጥቶ እህል ሳይቀምስ የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። በማግስቱ አብራኝ አንድ ወንበር ላይ የምትቀመጠውን ሂዊን ጠየቅኋት። ሂዊ አያቷ የሊቃውንት አገር የዲማ ሰው በመሆናቸው የማታውቀው ነገር የለም፤ ማንም ያልነገራትን ሁሉ ታውቃለች። "ሽማግሌ የሚላከው ሰው ሲጣላ ነው" አለችኝ። "የእኛ ጎረቤቶች በድንበር ሲጣሉ ሽማግሌ ነው የገባው። እህል አንቀምስም ካሉ ደግሞ ጠቡ ከባድ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ያየሁት ሁሉ ሂዊን እውነተኛ አደረጋት። ሥራነሽ በጋሼ ይስማው ሱቅ በኩል ማለፍ ተወች፤ ትምህርት ቤቷ እዚያው አቅራቢያ ሆኖ ሳለ ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች። አንድ ቀን የጋሼ ይስማውን ልጅ አንተነህን መንገድ ላይ ድንገት ብናገኘው፣ እሷ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች፤ እሱ ደግሞ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሲያልፍ ቦዩ ውስጥ ገባ። እንኳን ገባ አልኩ በሆዴ፤ ጠላታችን ነዋ።

ዛሬ እኔ ራሴ ሥራነሽ ያኔ በነበረችበት ዕድሜ ላይ ስለሆንኩ የጭንቋ መጠን ይገባኛል። ሽማግሌ የተላከባት ልጅ፣ መልሱ እስኪሰጥ ድረስ አማት ሊሆኗት በሚችሉት ሰው ፊት አትታይም። ይቅርና ሱቃቸው ገብታ በዋጋ ትከራከር! ጋሼ ይስማው "ለአንቺማ" ብለው ቢቀንሱላት፣ ተቀብላ መልሱን ሰጠች ማለት ነው። ባይቀንሱላት ደግሞ ተዋረደች ማለት ነው። ሌላ ሱቅ ብትገባ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ጋሼ ይስማው ዘንድ ይደርሳል። በከተማው አማት የሌለበት ገበያ ስልኳ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ካርቶን ከአዲስ አበባ ሲመጣ ቤተሰቡ ሁሉ ከበበው። ፎቶው ላይ ሰማያዊ የነበረው የእኔ ቀሚስ የእንቁላል አስኳል መስሎ ወጣ፤ ጀርባው ላይ ከራሴ የሚበልጥ ሪባን አለው። የአባቴ ኮት ትከሻው ልክ ቢሆንም እጅጌው ጣቶቹን ዋጣቸው። አባቴ "ክረምት ሲመጣ ጓንት አያስፈልገኝም" አለ፤ ሥራነሽ እንዳይከፋት ነው። እናቴ የራሷን ነጠላ እያገላበጠች "ይኼን ጥለት ጥለት ብላችሁ ነው? ኧረ ቀንሱ!" እያለች ከካርቶኑ ጋር ተከራከረች።

እኔ ቀሚሱን ወድጄው ነበር፤ ሪባኑንም ጭምር። ግን ካርቶን ላይ አልቆምኩም፤ ያምናው ክሬ ከምስማሩ አልወረደም። ዘንድሮ ማደጌን የሚነግረኝ ሰው የለም ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ሥራነሽ ወደ ጓሮ ጠራችኝና ቀይ ክር በእጄ አስጨበጠችኝ። "መሲዬ፣ አንድ ነገር ታደርጊልኛለሽ" አለች። "ጋሼ ይስማው ጾም ስለሚያደክማቸው ከቀትር በኋላ ሱቃቸው ውስጥ አግዳሚው ላይ ጋደም ይላሉ። ቀኝ እግራቸውን በዚህ ክር ለክተሽ አምጪልኝ። ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት። ጫማቸውን አይደለም፤ እግራቸውን።"

"ለምን?"

"ለምን የለም። እንዳይሰሙሽ። ለእማዬም፣ ለአባባም እንዳትናገሪ።"

"አንቺ ለምን አትሄጂም?"

"እኔ እዚያ ደጃፍ አልደርስም" አለችና ቀላች።

ወደ ሱቁ ከመሄዴ በፊት ሂዊን ፈለግኋት። ክሩን ስታይ ወደ ኋላ አፈገፈገች። "የሰው ልክ በክር ተወስዶ ለደብተራ ከተሰጠ አለቀለት" አለችኝ። "እግሩ ከሆነ እግሩ ይታሰራል። ከቤት አይወጣም። መተት ነው የምትልሽ።"

"ሥራነሽ እኮ ደብተራ አታውቅም።"

"በስልክ ነዋ!" አለች ሂዊ። "አሁን ሁሉ ነገር በስልክ ሆኗል።"

ቀሚስ በስልክ ከመጣ መተትስ ምን ያግደዋል? ሥራነሽን እወዳታለሁ፤ ያለችኝን ካላደረግሁ ታዝንብኛለች። ጋሼ ይስማውንም እወዳቸዋለሁ፤ እግራቸው ታስሮ አልጋ ላይ ሲውሉ ታየኝ። እያለቀስኩ ሱቁ ደረስኩ።

ጋሼ ይስማው እንደተባለው አግዳሚው ላይ ተጋድመው ያንኮራፋሉ። ጫማቸው ሥር ተቀምጧል፤ ሰፊ ቡናማ ጫማ ነው፤ ጫፉ ላይ የተወተፈው ጥጥ ይታያል። በካልሲ ያለው እግራቸው ከአግዳሚው ወጥቶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ተንበርክኬ ክሩን ወደ ተረከዛቸው አስጠጋሁ። መልሼ ሳብኩት። አልሆነልኝም። ቀና ስል ዓይኔ ምስማሮቹ ላይ አረፈ፤ ከሁሉ ዝቅ ብሎ ነጩ፣ በመስቀል አምሳል የተቋጠረው የአባ አካለ ወልድ ክር ተሰቅሏል።

አባን መተት አይነካቸውም! መስቀላቸው ከእጃቸው አይለይ፣ ዳዊታቸው ከአፋቸው አይለይ፤ የዓለም ደብተራ ቢሰበሰብ አባን ምን ያደርጋቸዋል? ቀዩን ክር ከነጩ አስተካክዬ ለካሁ፤ ቋጠርኩ፤ ልክ እንደ ጋሼ ይስማው በጥርሴ በጠስኩት። ሁለቱንም አዳንኳቸው ብዬ ተነፈስኩ።

"መሲ?" አሉ ጋሼ ይስማው። አንድ ዓይናቸውን ገልጠዋል። "ለበዓሉ ልትለኪ መጣሽ? እኔ እኮ ዘንድሮ ምነው ቀረች እያልኩ ነበር።"

ክሩን ኪሴ ውስጥ ደብቄ "አይ ጋሼ" አልኩ። "ዘንድሮ ሥራነሽ ከስልክ ነው የምትገዛልን።"

"ከምን?"

"ከስልክ። አዲስ አበባ ካለ ሱቅ። አይነካም፣ ክርክርም የለውም።"

ጋሼ ይስማው ቀስ ብለው ተነሡ። እግራቸውን ጥጥ በተወተፈው ጫማ ውስጥ ከተቱና ወደ ሰማያዊዎቹ ክሮች ሄዱ። የእኔን ያምና ክር በጣታቸው ነካ አደረጉት እንጂ አላወረዱትም። "እንዲያ ነው?" አሉ። "የእኔ ሱቅ እዚህ ተቀምጦ?" ከዚያ ወደ ጓዳ ዞር ብለው "አንተነህ! ለአባ አካለ ወልድ ንገራቸው፤ ከትንሣኤ በኋላ የሚሄዱበትን ጉዳይ ረጋ ብለን እናስበው። የእኛን ደጅ የተጠየፈች ልጅ ነገ እዚህ ቤት እንዴት ትኖራለች?" አሉ። ጓዳው ውስጥ የካርቶን ቁልል ሲናድ ሰማሁ።

እኔ ደስ እያለኝ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ላይመጡ ነው፤ ጠቡ ሊያልቅ ነው ማለት ነው። የእህቴን ትዳር በአንድ ከሰዓት ላፈርሰው ጥቂት እንደቀረኝ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። አንተነህም ቢሆን የአባቱ ቁጣ ለበዓሉ ይበርዳል ብሎ መልእክቱን ለአባ ሳያደርስ ቀረ።

ሥራነሽ ቀዩን ክር በማስመሪያ ስትለካው ቅንድቧ ተሰበሰበ። "እንዴ፣ ይኼማ ትንሽ ነው። በደንብ ለካሽ? ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት?"

"ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት" አልኩ። የማንን ብላ አልጠየቀችኝም።

ጥቂት አሰበችና ፊቷ ፈታ አለ። "ምስኪን!" አለች። "ለካ ያን ሁሉ ጥጥ የሚወትፉት እግራቸው ትንሽ ሆኖ ነው።" ከዚያ ስልኳን ይዛ ማገዶው ላይ ወጣች።

ጫማው የደረሰው በዓርብ ስቅለት ነበር። በማግስቱ፣ በቀዳም ሹር ጠዋት፣ ሥራነሽ ካርቶኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። በእኛ አገር በዚያ ቀን ለሚከበር ሰው አክፋይ ይወሰዳል፤ የጾም መፍቻ ዳቦ ወይ ዶሮ፣ እንደየአቅሙ። "ለጋሼ ይስማው ስጪ" አለችኝ። "'አክፋይ ነው፤ ሥራነሽ ናት የላከችው' በይ። ሌላ ቃል እንዳይወጣሽ።" እኔ መተቱን ተሸክሜ እየሄድኩ እንደሆነ ስለማውቅ ካርቶኑን ከሰውነቴ አርቄ ያዝኩት።

ገበያው ጢም ብሏል። እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ ገለባ ውስጥ የተደረደረ እንቁላል፣ በቅል የመጣ ቅቤ፤ ጾመኛው ሁሉ እያየ ምራቁን ይውጣል። የጋሼ ይስማው ሱቅ ውስጥ መቆሚያ የለም። አባ አካለ ወልድም እዚያው ነበሩ፤ ከዲያቆኑ ጋር ደወል እያሰሙ ቄጤማ ያድላሉ፤ ገዢውም ሻጩም ቄጤማውን ራሱ ላይ አስሯል። ጋሼ ይስማው ያሰሩት ቄጤማ በአንድ ጆሯቸው ላይ ወርዶ ነበር።

"አክፋይ ነው፤ ሥራነሽ ናት የላከችው" አልኩና ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ወደ በሩ ሸሸሁ። ሰው በዝቶ መውጫ አጣሁ።

ጋሼ ይስማው ጨርቁን ፈቱ፤ ክዳኑን አነሡ። የሚያብረቀርቅ ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው። አንዲት የይጁቤ ሴት "ውይ፣ ሲያምር!" አለች። ጋሼ ይስማው ጫማውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ያን ፊታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ካርቶን ላይ የቆምኩት እኔ ብሆን ነበር እንዲያ የምሆነው።

"ለእኔ?" አሉ። "ለእኔ ጫማ የገዛልኝ ሰው የለም እኮ።"

እውነታቸውን ነበር። ኋላ አንተነህ እንደነገረኝ፣ አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያደረጉት ሰው ያልፈለገውን፣ ሳይሸጥ የቀረውን ጫማ ነው። ሰፋ ካለ ጥጥ ይወትፉበታል፤ ጠበብ ካለ ያነክሳሉ። ሥራነሽ ይህን ያየችው ገና ተማሪ ሳለች ነው።

ጋሼ ይስማው እኛ ሁላችን የምንቆምበት ካርቶን ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አሮጌውን አወለቁ፤ አዲሱን አጠለቁ። እግራቸው ግማሽ ድረስ ገብቶ ቆመ። ገፉ። አልገባም። የጫማ ማንኪያ አመጡ፤ አልሆነም። አንተነህ ከኋላ ደገፋቸው፤ ላብ አጠመቃቸው። ከሰዉ መሐል አንዱ ሳቀ።

ጋሼ ይስማው ጫማውን አወለቁት። ፊታቸው ተለወጠ። "በሱቄ ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ በበዓል ዋዜማ" አሉ። "ጫማ ለሚሸጥ ሰው የማይሆነው ጫማ! ያውም ከስልክ! ይኼ አክፋይ አይደለም፣ ስድብ ነው። አባ፣ እርስዎም አይተዋል። ከትንሣኤ በኋላ የሚሄዱበት ጉዳይ ይቅር።"

"አባባ!" አለ አንተነህ። ፊቱ ራሱ ላይ ካሰረው ቄጤማ በላይ አረንጓዴ ሆኗል።

"ይቅር ብያለሁ!" ብለው ጫማውን ሊወረውሩ እጃቸውን አነሡ። ከዚያ ቆሙ። ጫማውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ መዳፋቸውን ውስጡ ከተቱ፤ አወጡ። ወደ ምስማሮቹ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ አባ አካለ ወልድ እግር አጎነበሱ።

"አባ" አሉ። "ይኼ የእርስዎ እግር ነው።"

"የማ?"

"የእርስዎ። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ሌላ እግር የለም።" ነጩን ክር ከምስማሩ አውርደው ጫማው ውስጥ ዘረጉት። አልበለጠም፣ አላነሰም።

ሰው ሁሉ ክሩን አየ። ከዚያ ካርቶኑን ያመጣሁትን እኔን አየ። ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

"መተቱ እንዳይዝዎት ብዬ ነው ጋሼ! አባን መተት አይነካቸውም!"

ከዚያ አባ ሳቁ። ያ ድምፃቸው ሱቁን ሞልቶ ወደ ገበያው ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። የይጁቤዋ ሴት ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች።

"ማን ነው መተት የሚያሠራው ልጄ?" አሉኝ አባ፣ ዕንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ።

"ሥራነሽ። በስልክ።"

"ለምን ታሠራለች?"

"ስለተጣላችሁ ነዋ! እህል ሳትቀምሱ ነው የሄዳችሁት!"

"ልንጣላ አይደለም የመጣነው፤ ልንዛመድ ነው እንጂ" አሉኝ። ይህ ከበፊቱ የባሰ ግራ አጋባኝ፤ የሚዛመድ ሰው ዳቦ ይጠላል?

ጋሼ ይስማው ብቻ አልሳቁም። አንድ እግራቸውን ባዶ አድርገው ወደ እኔ መጥተው ጎንበስ አሉ። "መሲ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሥራነሽ ለክተሽ አምጪ ያለችሽ የእኔን እግር ነው?"

"አዎ። ጫማቸውን አይደለም፣ እግራቸውን ብላኛለች።"

ወንበሩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። "ጥጡን አይታዋለች" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቄጤማውን የሚያስተካክሉ መስለው ዓይናቸውን ጠረጉ።

እኔ በሰው እግር መሐል ሾልኬ ወደ ቤት በረርኩ። ሥራነሽ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሁሉንም አንድ ላይ ዘረገፍኩት፤ ሂዊን፣ ደብተራውን፣ ነጩን ክር፣ "ነገሩ ይቅር" የሚለውን። እናቴ "ወይ ጉዴ!" ብላ ራሷን ያዘች። ሥራነሽ ግን ቢላዋውን አስቀምጣ ከስፌት ዕቃዋ ሰማያዊውን ክር አነሣችና ወጣች።

"ወዴት ነው?" አለች እናቴ። "በሽንኩርት እጅሽ? ሳትከናነቢ?"

እህቴ ዙሪያውን አልሄደችም። በዋናው መንገድ፣ በገበያው መሐል፣ ፊቷን ሳትሸፍን ቀጥ ብላ ተራመደች። እኔ ከኋላዋ፣ እናቴ ከኋላዬ፣ አባቴ ደግሞ እጅጌው ጣቶቹን በዋጠው ኮት ከእናቴ ኋላ ሮጥን። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት።

ጋሼ ይስማው ከወንበራቸው ተነሡ። ሥራነሽ እፊታቸው ተንበረከከች።

"ጋሼ፣ እግርዎን ይስጡኝ።"

"ኧረ ልጄ፣ ተነሺ፤ ይኼማ አይሆንም።"

"ይስጡኝ።"

ጋሼ ይስማው እግራቸውን ካርቶኑ ላይ አኖሩ። ሥራነሽ ሰማያዊውን ክር ከተረከዛቸው እስከ አውራ ጣታቸው ሳበች፤ ቋጠረች፤ በጥርሷ በጠሰችው። ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ፣ ዕንባዋ ይወርድ ነበር። ጋሼ ይስማው ክሩን ተቀብለው ቀለሙን አዩት። የእኛ ቤት ቀለም እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አባ አካለ ወልድ ወደ አባቴ ዞሩ። "እንዳላማው፣ መልሱን ከትንሣኤ በኋላ ብለኸን ነበር።"

አባቴ ልጁን አየ። አንተነህን አየ። ከዚያ ረጃጅም እጅጌውን ዘርግቶ "እኔ ምን ቀረኝ አባ?" አለ። "በአደባባይ መልሳላችኋለች እኮ!"

የይጁቤዋ ሴት እልል አለች፤ ገበያው ተቀበላት። አባ "እንግዲህ እህል እንቅመስ ብንል ዛሬ ጾሙ አይፈቅድም። ዶሮ ሲጮህ እንመጣለን፤ ያን ዳቦ አልረሳሁትም" አሉ። አዲሱን ጫማ የዚያኑ ሌሊት አድርገውት ወደ ቅዳሴ ሄዱ።

ለጋሼ ይስማው የሚሆነው ጫማ እዚያው መደርደሪያቸው ላይ ተገኘ፤ ዓመታት ሙሉ ዓይናቸው ሥር ነበር። ሥራነሽ ልግዛ ብትል ከአማት ጋር ዋጋ አትከራከር ነገር። እናቴ ገባችበት። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ጫማውን አገላብጣ፣ ሶሉን አንኳኩታ፣ "ይኼን ለማን ብለው ነው ይኼን ያህል የሚሉን?" ብላ ጀመረች። ጋሼ ይስማውም የራሳቸውን ጫማ ለራሳቸው ሊሸጡ ከእናቴ ጋር እስኪደክማቸው ተከራከሩ። ሁለቱም ጾሙ ሳይፈታ ጠገቡ። ከዚያ ጋሼ ይስማው እጃቸውን እያሻሹ "መሲ፣ ነይ ካርቶኑ ላይ ቁሚ" አሉኝ።

አሁን ሱቁን የሚመራው አንተነህ ነው፤ በቴሌግራም ጭምር ይሸጣል። የይጁቤና የደብረ ወርቅ ሰዎች የልጆቻቸውን ክር ከማስመሪያ ጎን አስቀምጠው ፎቶ አንሥተው ይልኩለታል። ሥራነሽ ደግሞ ማገዶ ላይ ሳትወጣ ትመልስላቸዋለች። ጋሼ ይስማው በር ላይ ተቀምጠው፣ ልካቸው የሆነ ጫማ አድርገው፣ በስልክ የሚገዛውን ሰው ሁሉ ይሳደባሉ፤ ካርቶኑን አሽገው ወደ አውቶቡሱ የሚልኩትም እሳቸው ናቸው። እኔም ዘንድሮ ለፋሲካ የገዛሁት ከስልክ ነው፤ ከእነሱው።

አንተነህ የሚለጥፋቸው ፎቶዎች ላይ ከጫማው ጀርባ ግድግዳው ይታያል። በሰማያዊዎቹ ክሮች መሐል አንዱ ከሌሎቹ ረዘም ብሎ ተንጠልጥሏል። ደንበኞች አንዳንዴ ያ ክር ምንድነው፣ ይሸጣል ወይ ብለው ይጽፉለታል።

"አይሸጥም" ብሎ ይመልስላቸዋል። "የአባቴ እግር ልክ ነው።"